የሰንጢ መቆለፊያ ምንድን ነው?

ሰንጢ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የአምራቹን ስም ነው፤ ቀጥሎ ብረቱን። ጣትን የሚያድነው ግን መቆለፊያው ነው፤ ይኸውም የተከፈተው ስለት በሥራ መሀል ተመልሶ እንዳይታጠፍ የሚይዘው ክፍል። ቪክቶሪኖክስ፣ ኦፒኔል፣ በክ እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ሳያውቁት የሚከራከሩት በአብዛኛው ስለዚሁ ነው።

አንዳንዱ ሰንጢ ከነጭራሹ መቆለፊያ የለውም። በስዊዙ ቪክቶሪኖክስ ባለ 91 ሚሊ ሜትር ሰንጢ ላይ በእጀታው ጀርባ በኩል ያለው ሞላ የስለቱን ግርጌ ተጭኖ ይይዘዋል እንጂ አይቆልፈውም። ወደ ታች ተጭናችሁ ስትቆርጡ ኃይሉ ስለቱን ይበልጥ ወደ መከፈት ስለሚገፋው ምንም አይሆንም። ጉዳት የሚመጣው በጫፉ ስትወጉ ወይም እንጨት ውስጥ የተቀረቀረውን ስታላቅቁ ነው፤ ያኔ ጫናው በስለቱ ጀርባ ላይ ያርፍና ሞላውን አሸንፎ ጣት ላይ ይዘጋል። ለገመድ፣ ለካርቶንና ለፍራፍሬ ግን ከበቂ በላይ ነው። እንግሊዝ አገር ለሚኖር ሰው ሌላም ጥቅም አለው፦ በዚያ ሕግ ያለ ምክንያት ኪስ ውስጥ ይዞ መውጣት የሚቻለው የማይቆለፍና የሚቆርጠው ጎኑ ከ3 ኢንች (7.62 ሴንቲ ሜትር) የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው።

ለቤትና ለመንገድ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው የፈረንሳዩን ኦፒኔል ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል ሳቯ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1890 የጀመረው ይህ ሰንጢ መቆለፊያ ያገኘው በ1955 ነው። መቆለፊያው በእጀታው አንገት ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት ነው፤ በጎኑ ክፍተት አለው። ክፍተቱ ከእጀታው ስንጥቅ ጋር ሲገጥም ስለቱ እንደልቡ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከከፈታችሁ በኋላ በአውራ ጣት ስታዞሩት ክፍተቱ ይሸሽና ሙሉው ብረት ከስለቱ ግርጌ ፊት ይቆማል። የሚሰበር ሞላ የለበትም፣ መቆለፉም በዓይን ይታያል። የወደድኩትም ለዚህ ነው። 8 ቁጥሩ፣ ማለትም 8.5 ሴንቲ ሜትር ስለት ያለው፣ ለብዙ እጅ የሚስማማው ነው።

ጉድለቱ እጀታው ነው። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ቀርቅሮ ይይዘዋል። ያኔ በጥፍር መታገል ጥፍር ይሰብራል። ቀለበቱን አዙራችሁ ክፍተቱን ከስንጥቁ ጋር አግጥሙ፣ ከዚያ የእጀታውን ጭራ ጠንካራ ነገር ላይ መታ መታ አድርጉት፤ የስለቱ ጫፍ ብቅ ሲል በጣት ይያዛል። በኋላ ጥላ ውስጥ በዝግታ ይድረቅ፤ እሳት ዳር ካስቀመጣችሁት እንጨቱ ይሰነጠቃል። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ጨርሶ አይገባም። ስለቱ የካርቦን ብረት ከሆነ ደግሞ ሎሚ ወይም ሽንኩርት እንደቆረጣችሁ ወዲያው ጥረጉት። መጥቆሩ ምንም አይደለም፤ ቀይ ዝገት ግን ብረቱን ይበላዋል።

የአሜሪካኑ በክ 110 ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያስለመደው ሌላ ነው፦ በእጀታው ጀርባ ያለ ዘንግ ጥርሱን በስለቱ ግርጌ ካለው ጎድጓዳ ውስጥ ይጥላል። ጠንካራ ነው፣ ከባድም ነው። የኪስ ብናኝ ወይም የዳቦ ፍርፋሪ ጎድጓዳውን ከሞላው ግን ጥርሱ በግማሽ ብቻ ይገባና የተቆለፈ መስሎ ይከዳል። በስቴኪኒ መጥረግ ይበቃዋል።

ዛሬ ገበያውን የሞላው በእጀታው ውስጥ ያለ ቀጭን ላሜራ ወደ ጎን ተስፈንጥሮ ከስለቱ ግርጌ ኋላ የሚቆምበት ዓይነት ነው። በአንድ እጅ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስትገዙ ከፍታችሁ ከኋላ በኩል ተመልከቱት፦ ላሜራው ከግርጌው ውፍረት ሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉን ይዞ መቆም አለበት። ጠርዙን ብቻ ከነካ ይንሸራተታል፤ ተቃራኒው ጎን ድረስ ከሄደ ተበልቷል ማለት ነው። ስም የሌላቸው ርካሽ ሰንጢዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ላሜራው ለስላሳ ስለሆነ በጥቂት ወራት ይበላል።

የትኛውንም የሚቆለፍ ሰንጢ ለመፈተን ጣቶቻችሁን ከስለቱ መንገድ አውጡ፣ እጀታውን ከሁለቱ ጎኖቹ ብቻ ያዙ፣ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ ቀስ በቀስ ጫኑ። መምታት መቆለፊያውን ከማበላሸት ሌላ የሚያሳየው ነገር የለም። ዘይት ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል፣ ላሜራው ከስለቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ከደረሰም ያንሸራትታል። ስለቱ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነና ማጠፊያው ብሎን ካለው፣ በጣም በትንሹ እያጠበቃችሁ በየጊዜው ከፍታችሁ ዝጉት፤ መክፈቱ ከከበደ አልፋችኋል፣ ትንሽ መልሱት።