ኮንቴይነር ምንድን ነው? ዓለምን የለወጠው የብረት ሳጥን

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንቴይነር ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሱቅ ነው። ጎኑ ተቀዶ በር የወጣለት፣ ቀለም የተቀባ፣ ሳሙናና ለስላሳ የሚሸጥበት የብረት ቤት። አንዳንዱ ቁርስ ቤት ነው፣ አንዳንዱ የጥበቃ ቤት፣ ሌላው የግንባታ ቦታ ቢሮ። ይህ ግን የኮንቴይነሩ የጡረታ ዘመን ነው። ጉልበት በነበረው ጊዜ ከሻንጋይ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ሮተርዳም ሲመላለስ ኖሯል። የምንለብሰው ልብስ፣ የመኪናው ጎማ፣ የቤቱ ቴሌቪዥን፣ አብዛኛው እዚህ የደረሰው በእሱ ሆድ ነው።

እኔ ባለፉት መቶ ዓመታት የሰውን ኑሮ ከለወጡ ፈጠራዎች መካከል ኮንቴይነር ከኮምፒውተርና ከአውሮፕላን ጎን መጠራት አለበት ባይ ነኝ። ሞተር የለውም። ሽቦ የለውም። ማንም ብየዳ የሚችል ሰው ሊሠራው የሚችል ይመስላል። ግን ከተማ አቅንቷል፣ ከተማ አፍርሷል፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከሥራ አስወጥቷል፣ ከዚያም በላይ ለሆኑት ሥራ ሰጥቷል።

ለመሆኑ ምንድን ነው? ኮንቴይነር መጠኑ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተወሰነ የጭነት ሳጥን ነው። ዕቃው አንዴ ተጭኖበት ከታሸገ በኋላ ሳይከፈት ከመኪና ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ ባቡር ይተላለፋል። በብዛት የምናየው ባለ 20 ጫማና ባለ 40 ጫማ ነው። ባለ 20 ጫማው 6.06 ሜትር ይረዝማል፣ 2.44 ሜትር ይሰፋል፣ 2.59 ሜትር ከፍ ይላል። ባዶውን ከ2 ቶን ትንሽ በላይ ይመዝናል፣ ከ20 ቶን በላይ ደግሞ ይሸከማል። ግድግዳው ቀጭን ነው። ወለሉ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ነው። የበሩ ጠርዝ ውኃ እንዳያስገባ ጎማ ይዞራል።

ዋናው ነገር ያለው ማዕዘኑ ላይ ነው። በስምንቱም ማዕዘን ሞላላ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ብረት ተበይዷል። የወደቡ ክሬን ከላይ ወርዶ አራቱን የላይኛ ቀዳዳዎች ያገኛል። በየቀዳዳው የገባው ቁልፍ ሩብ ዙር ሲዞር ይቆልፋል፣ ከዚያ ያነሳዋል። ለማንሳት ገመድ የሚያስር ሰው አይፈልግም። መኪናው ላይ የሚቆለፈውም፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረብ የሚያያዘውም በዚያው ቀዳዳ ነው። የላይኞቹ ክብደት በአራቱ ቋሚ ብረቶች በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ እንደ ፎቅ ቢቆለልም የታችኛው አይጨፈለቅም።

በሩ ላይ ደግሞ አራት ፊደልና ሰባት ቁጥር ታያላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይናገራሉ። የመጨረሻው ቁጥር ከሌሎቹ በስሌት የሚወጣ ነው። አንድ ጸሐፊ አንዷን ቁጥር ቢያሳስት ስሌቱ አልገጥም ይላል፣ ስህተቱም ይታወቃል። ቀላል ብልሃት ናት፣ ግን በዓለም ላይ ከሚዞሩት በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ሳጥኖች አንዱን ለይቶ ለመከታተል ያለ እሷ አይሆንም።

ከኮንቴይነር በፊት

በ1954 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋሪየር የተባለች የጭነት መርከብ ከኒውዮርኩ ብሩክሊን ተነስታ ወደ ጀርመኑ ብሬመርሃቨን ተጓዘች። አጥኚዎች ጉዞዋን አንድ በአንድ መዝግበውታል። የጫነችው 5 ሺህ ቶን ያህል ነው። በቁጥር ሲሆን ግን 194,582 ዕቃ! ካርቶን፣ ሣጥን፣ ጆንያ፣ በርሜል፣ ጥቅል፣ 53 ተሽከርካሪ ሳይቀር። ዕቃው የተሰበሰበው ከ151 የአሜሪካ ከተሞች ነው።

እስቲ አስቡት። እያንዳንዱ ካርቶን ከመኪና በሰው እጅ ይወርዳል። መጋዘን ይገባል። ከመጋዘን ይወጣል። በመረብ ተደርጎ መርከቡ ላይ ይወጣል። የመርከቡ ሆድ ውስጥ ያሉ ጫኝና አውራጆች ደግሞ ተቀብለው ከባዱን ከታች፣ ተሰባሪውን ከላይ እያደረጉ ይደረድሩታል። ዋሪየርን መጫን 6 ቀን ፈጀ። ባሕሩን መሻገር 10 ቀን ተኩል። ማራገፉ 4 ቀን፣ ያውም ሌት ከቀን ተሠርቶ። ዕቃው እንዳይንከባለል ለማሰሪያ በገባው ጣውላና ገመድ ብቻ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። ከጠቅላላው ወጪ ከሲሶ በላይ የበላው የወደብ ሥራ ነው። በባሕር ላይ የተደረገው ጉዞ የወሰደው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ስርቆትም ነበር። ውስኪና ሲጋራ የሚያራግፍ ወደብ ላይ ጥቂት ሣጥን ሳይጎድል አይወጣም። በዚህ ሁሉ ምክንያት ዕቃ ከሩቅ አገር ማምጣት ለብዙ ነገር አያዋጣም ነበር። ፋብሪካ ለወደብና ለደንበኛ ቅርብ መሆን ነበረበት። በዚያ ዘመን ኒውዮርክ መሃል ከተማ ፋብሪካ የሞላበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው።

ባለመኪናው ማክሊን

ነገሩን የለወጠው የመርከብ ሰው አይደለም። ማልኮም ማክሊን ከሰሜን ካሮላይና የመጣ የጭነት መኪና ባለቤት ነው። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ያለው መንገድ ተጨናንቆ ነበር። ማክሊን መኪኖቼ መንገድ ላይ ከሚቆሙ ተሳቢውን መርከብ ላይ ልጫነው ብሎ አሰበ። ቀጥሎ ደግሞ ጎማውና ሻሲው ለምን ቦታ ይይዛል፣ ሳጥኑን ብቻ ነቅዬ ልጫን አለ። የአሜሪካ ሕግ የመኪናና የመርከብ ድርጅት በአንድ እጅ እንዲሆን አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ በ1955 ያሳደገውን የመኪና ድርጅት ትቶ የመርከብ ድርጅት ገዛ። ደፋር ውሳኔ ነበር።

አፕሪል 26 ቀን 1956 አይዲያል ኤክስ የተባለች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈች የነዳጅ መርከብ 58 ሳጥን ከላይዋ ደርድራ ከኒዋርክ ወደ ሂዩስተን ተንቀሳቀሰች። ሒሳቡ ሲሠራ ሰው ማመን አቃተው። በእጅ ሲጫን በቶን 6 ዶላር ገደማ የሚፈጀው ሥራ ወደ 16 ሳንቲም ወረደ።

ዕቃ በሳጥን መጫን ግን የማክሊን ፈጠራ አልነበረም። አውሮፓ ውስጥ ባቡሮች ከእሱ በፊት ሞክረውታል። የእሱ ብልጠት ሌላ ነው። ሳጥኑን ብቻ ሳይሆን መርከቡን፣ ክሬኑን፣ መኪናውንና ወደቡን አንድ ላይ ለሳጥኑ ተስማሚ አድርጎ አሰናዳ። አንዱ ቢጎድል ሌላው አይሠራም።

ስምምነቱ

ስለ ኮንቴይነር ሲወራ ማክሊን ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ግን ይዘለላል። እኔ ደግሞ ትልቁ ነገር የተሠራው እዚያ ነው እላለሁ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም የየራሱን ሳጥን ነበር የሚሠራው። የማክሊን 35 ጫማ ነበር። በፓስፊክ በኩል ወደ ሃዋይ የሚጭነው ማትሰን የተባለው ድርጅት ደግሞ 24 ጫማ መረጠ። የአንዱ ሳጥን በሌላው መርከብ አይገባም፣ በሌላው ክሬን አይነሳም። አውሮፓውያኑም የራሳቸው መጠን ነበራቸው። እንዲህ ቢቀጥል ኖሮ ኮንቴይነር የአንድ ድርጅት የግል ብልሃት ሆኖ ይቀር ነበር።

በ1960ዎቹ መሐንዲሶች፣ የባቡር ሰዎች፣ የመርከብ ድርጅቶችና የመንግሥት ተወካዮች ስብሰባ ላይ ስብሰባ ተቀመጡ። የሚከራከሩት ስለ ሴንቲሜትር ነው። እያንዳንዷ ሴንቲሜትር ግን የአንድ ሰው ገንዘብ ነበረች። ቀድሞ ብዙ ሳጥን የገዛ ሰው የእኔ መጠን ይለፍ ማለቱ አይቀርም። የማዕዘኑን ማያያዣና የሚዞረውን ቁልፍ ቀምሮ የሠራው ኪት ታንትሊንገር የተባለ መሐንዲስ ነው፣ ባለመብቱ ደግሞ የማክሊን ድርጅት ነበር። በ1963 ማክሊን መብቱን ለቀቀው፣ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት። በ1968 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መጠኖቹን አወጣ። የማክሊን 35 ጫማም የማትሰን 24 ጫማም በዝርዝሩ የሉም። ዓለም የተስማማው በ20ና በ40 ነው።

ከዚያ በኋላ ኬንያ የተጫነ ሳጥን ኮሪያ ያለ ክሬን ያነሳዋል። ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም፣ መነጋገርም አያስፈልጋቸውም።

ጦርነትም ገፍቶታል። አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ጊዜ ወደቡ ላይ ዕቃ ተከምሮባት ስትቸገር ማክሊን ካም ራን በተባለው የባሕር ሰላጤ የኮንቴይነር ወደብ ሠርቶ በ1967 ማመላለስ ጀመረ። ወደ ቬትናም የሚሄዱት መርከቦች ሲመለሱ ባዶ ነበሩ። ማክሊን በጃፓን በኩል አድርገው ጭነት ይዘው እንዲመለሱ አደረገ። የጃፓን ራዲዮና ቴሌቪዥን በርካሽ አሜሪካ የሚገባበት መንገድ በዚህ ሰፋ።

ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ

ጉዳቱ መጀመሪያ ያረፈው ጫኝና አውራጆቹ ላይ ነው። ለንደን ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሥራ ነበር። ሰፈሩ፣ መጠጥ ቤቱ፣ ማኅበሩ ሁሉ በወደቡ ዙሪያ የተገነባ ነው። ከ1967 እስከ 1981 ባለው ጊዜ የለንደን መሃል ወደቦች አንድ በአንድ ተዘጉ። የቴምዝ ወንዝ ለትልልቅ የኮንቴይነር መርከቦች አይበቃም፣ ኮንቴይነር የሚደረደርበት ሰፊ ሜዳም አልነበረም። በአንደኛው የተዘጋ ወደብ ላይ ዛሬ ካነሪ ዋርፍ የተባለው የባንኮች ሰፈር ቆሟል። የብሪታንያ ትልቁ የኮንቴይነር ወደብ የሆነችው ደግሞ ያኔ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራት ትንሿ ፊሊክስቶ ናት። ብሩክሊንም የለንደን ዕጣ ደረሰው። ሥራው የባሕር ወሽመጡን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ ገባ።

ሁሉም ቦታ ግን እኩል አልተጎዳም። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የወደብ ሠራተኞች ማኅበር ማሽኑን ማስቆም እንደማይችል ገባው። በ1960 ከአሠሪዎች ጋር ተስማማ። አሠሪው ማሽን ያስገባል፣ በምትኩ ነባር ሠራተኞች ጡረታና የሥራ ዋስትና ያገኛሉ። ማሽኑ ያመጣው ትርፍ ከፊሉ ለሠራተኛው ደረሰ ማለት ነው። አዲስ ቴክኖሎጂ መጣ ሲባል ሠራተኛው መጎዳቱ የማይቀር ነው ለሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

ፋብሪካዎችም ተነሱ። ማጓጓዣ ሲረክስ ፋብሪካ ከደንበኛው አጠገብ መሆን አላስፈለገውም። መጀመሪያ ወደ ጃፓን፣ ቀጥሎ ወደ ታይዋንና ኮሪያ፣ ከዚያም ወደ ቻይና ሄዱ። የአንድ ስልክ ክፍሎች ከተለያዩ አገሮች መጥተው የሚገጣጠሙበት ዘመን የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ መተሳሰር ችግር ሲመጣም አብሮ ያስተሳስራል። በማርች 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለች 400 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ ስዊዝ ካናል ላይ ተጋድማ መንገዱን ለስድስት ቀን ዘጋች። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በቀይ ባሕር በደረሱ ጥቃቶች ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ በኩል ዞረው ለመሄድ ተገደዱ።

ወደ እኛ ስንመጣ

ለባሕር በር የለሽ አገር ኮንቴይነር ትልቅ ነገር ነው። ዕቃ ጅቡቲ ወርዶ፣ ተበትኖ፣ እንደገና ተጭኖ ቢመጣ ስንቱ ይጎድል ነበር! አሁን በመልቲሞዳል፣ ማለትም የባሕሩም የየብሱም ጉዞ በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ በሚሸፈንበት አሠራር፣ የሚመጣ ኮንቴይነር ጅቡቲ ላይ አይከፈትም። እንደታሸገ በተሳቢ ወይም በባቡር ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። ጉምሩክ የሚፈትሸው፣ ትራንዚተሩ (የአስመጪው የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ወረቀቱን የሚያስጨርሰው እዚያ ነው። ወደብ ማለት ባሕር ዳር የግድ መሆን የለበትም የሚያሰኘው የኮንቴይነር መታሸግ ነው።

ሳጥኑ ራሱ ግን የእኛ አይደለም። በአብዛኛው የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ነው፣ መመለስ አለበት። ከተፈቀደው ቀን ካለፈ በየቀኑ ክፍያ ይቆጠራል፣ ያውም በዶላር። አስመጪዎች ሲያማርሩ የምትሰሙት አንዱ ይሄ ነው። ባንክ ዘገየ፣ ወረቀት ጎደለ፣ መኪና ጠፋ፣ ሁሉም ምክንያት መጨረሻው ሳጥኑ ቆሞ መክረም ነው።

የሚወጣው ጭነት ሌላ መልክ አለው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ቡና ሲጫን በተለመደው አሠራር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎች ይገባሉ፣ 19.2 ቶን መሆኑ ነው። ከመጫኑ በፊት አንድ ሰው ውስጥ ይገባና በሩ ይዘጋበታል። ጨለማ ውስጥ ቆሞ ጣሪያና ግድግዳውን ያያል። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከታየች በዚያ በኩል ውኃ ይገባልና ሳጥኑ ይመለሳል። ሽታም ይፈተሻል፣ ቡና ሽታ ይስባልና። ኬሚካል ያመጣ ሳጥን ቡና አይጫንበትም። ግድግዳው ወፍራም ወረቀት ወይም ካርቶን ይለብሳል። በሙቅ ባሕር ላይ የሳጥኑ ጣሪያ ያልበዋል፣ ላቡ ጆንያው ላይ ጠብ ካለ ቡናው ይሻግታል። እርጥበት የሚመጥ ከረጢት የሚንጠለጠልበትም ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ግን ከምትልከው በጣም የበለጠ ታስገባለች። ስለዚህ ሞልቶ ከመጣው ሳጥን ብዙው ባዶውን ይመለሳል። ባዶ ሳጥን ደግሞ እንደ ሙሉው ነጂ፣ ነዳጅና ቦታ ይፈልጋል። የዚህን መልስ ጉዞ ወጪ አስመጪው በዋጋው ላይ ይደምረዋል፣ የሚከፍለውም ዞሮ ዞሮ ሸማቹ ነው። ቡናው፣ ሰሊጡና ጥራጥሬው በሚጫንበት ወቅት ሳጥኖቹ እየሞሉ ሲመለሱ የሚጠቀመው እንግዲህ ላኪው ብቻ አይደለም፤ ጅቡቲ ላይ ዕቃ የሚጠብቀው አስመጪም ጭምር እንጂ።