ሽሙዓ ምንድን ነው?

ሽሙዓ የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ ወሬ፣ ዜና፣ የተሰማ ነገር ማለት ነው። ግእዝ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ «ሰምዐ» ከሚለው ግስ ጋር ሥሩ አንድ ነው፣ እኛም «ሰማ» የምንለው ከዚያው ነው። ግእዝ ከዚሁ ሥር «ሰማዕት» የሚለውን ቃል አውጥቷል፤ የመጀመሪያ ፍቺው ምስክር ነው። በሰማ ሰውና በምስክር መካከል ግን ብዙ መንገድ አለ። የአይሁድ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ወሬ የሚያስተምሩት በአብዛኛው ስለዚያ መንገድ ነው።

አማርኛ ወሬን ከስሙ ጀምሮ ይለየዋል፦ የሞት ከሆነ መርዶ፣ የደስታ ከሆነ ምሥራች፣ ያልተጣራ ከሆነ ጭምጭምታ። ሽሙዓ ሁሉንም በአንድ ቃል ይይዛል። መልካም ሲሆን «ሽሙዓ ቶቫ»፣ ክፉ ሲሆን «ሽሙዓ ራዓ» ይባላል። እውነት ይሁን ሐሰት ግን ቃሉ አይናገርም፤ ያ የሰሚው ሥራ ነው።

በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል አንድ ሰው በወሬ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንዴ በእውነተኛ፣ አንዴ በተጠረጠረ ወሬ። ሜምፊቦስቴ ይባላል፤ የንጉሥ ሳኦል ልጅ የዮናታን ልጅ ነው። አያቱና አባቱ በጌልቦዓ ተራራ ሲሞቱ ዕድሜው 5 ዓመት ነበር። ወሬው ከኢይዝራኤል መጣ፤ ዕብራይስጡ እዚህ ላይ «ሽሙዓ» ይለዋል። ሞግዚቱ ሕፃኑን አንሥታ ሸሸች፤ በጥድፊያዋ መካከል ልጁ ወደቀ፣ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ነገሩ በአንድ ቁጥር ያልቃል (4፥4)። መጽሐፉ ሞግዚቷን አይወቅሳትም፤ እኔም አልወቅሳትም። የሰማችው እውነት ነበር፤ የሮጠችውም ልጁን ለማትረፍ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንላለን፤ ከእርሷ እጅ የወደቀው ግን ተለቅሞ የሚመለስ አልነበረም።

ንጉሥ ሕዝቅያስን ከእርሷ ጎን አስቀምጬ ማየት እወዳለሁ። በ701 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ይሁዳን ወረረ። የመጀመሪያው ዛቻ ሲደርሰው ሕዝቅያስ ልብሱን ቀደደ፤ ደንዳና ሰው አልነበረም። ቀጥሎ የማስፈራሪያ ደብዳቤ መጣ። ከመልእክተኞቹ እጅ ተቀበለው፣ አነበበው፣ ወደ ቤተ መቅደስ ወጣ፣ በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። አራት ግሶች ናቸው፤ አንዱም ሩጫ አይደለም።

መዝሙረኛው ስለ ጻድቅ ሰው ሲናገር ከክፉ ሽሙዓ አይፈራም፣ ልቡ የጸና ነው ይላል (በዕብራይስጡ ቁጥር መዝሙር 112፥7፣ በግእዙ 111)። ክፉ ወሬ አይደርስበትም አላለም። የአይሁድ ሊቃውንት ውይይት የተመዘገበበት ታልሙድ ይህን ጥቅስ በጥንቱ መምህር በሂሌል ሕይወት ያሳየናል። ሂሌል ከመንገድ ሲመለስ ከከተማው ጩኸት ሰማ፤ «ይህ ከቤቴ እንዳልሆነ እተማመናለሁ» አለ። በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጠናቀረው የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ፣ ሚሽና፣ በበኩሉ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቶ «ከቤቴ አይሁን» ብሎ የሚጸልይን ሰው ጸሎትህ ከንቱ ነው ይለዋል፤ የሆነው ሆኗልና። ይህ ሕግ ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል። እንዲህ ያለ ጸሎት ያልጸለየ ማን አለ?

ሽሙዓ በሐዘን ሕግም ውስጥ ስም አለው። የዘመድ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ከተሰማ «ቅርብ ሽሙዓ» ነው፤ ሰሚው 7 ቀን ሙሉ ለሐዘን ይቀመጣል። ከ30 ቀን በኋላ ከተሰማ «ሩቅ ሽሙዓ» ይባላል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይቀመጣል። ነጋሪውም ሥርዓት አለው። ራቭ ካሃና የተባለው መምህር በታመመ ጊዜ ባልንጀሮቹ አንዱን ሄደህ እየው ብለው ላኩት። ሲደርስ ሞቶ አገኘው። ልብሱን ቀደደ፤ ቅዱ እንዳይታይ ወደ ጀርባው አዞረውና እያለቀሰ ተመለሰ። «ሞተ ወይ?» ሲሉት «እኔ አላልኩም» አለ፤ ክፉ ወሬ የሚያወጣ ሰነፍ ነው የሚለውን የምሳሌ መጽሐፍ ቃል (10፥18) አስቦ ነው። ገና ሳይነጋ ዘመድ ጎረቤት ተሰባስቦ በር ሲያንኳኳ ያየ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ ያንን ወደ ጀርባ የዞረ ቅድ ማንም ሳያስረዳው ይረዳዋል።

እስካሁን ያየነው እውነተኛውን ወሬ ነው። ያልተጣራው ሲመጣ ሕጉ ይጠብቃል። አንድ ከተማ ወደ ጣዖት ዞረ የሚል ወሬ ብትሰማ ምን ታደርጋለህ? ዘዳግም 13 ሦስት ግሶች ይደረድራል፦ ፈልግ፣ መርምር፣ አጥብቀህ ጠይቅ። ሚሽና ከዚህ ተነሥቶ ለምስክር የሚቀርቡ 7 ጥያቄዎችን አስቀምጧል፦ በየትኛው የ7 ዓመት ዙር፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወር፣ ከወሩ በስንተኛው ቀን፣ ከሳምንቱ በየትኛው ዕለት፣ በስንት ሰዓት፣ በየት ቦታ። ቤን ዛካይ የተባለው መምህር ከዚህም አልፎ ሄደ። ግድያው የተፈጸመው ከበለስ ዛፍ ሥር ነው ላሉት ምስክሮች የበለሱ ፍሬ የተንጠለጠለበት አንጓ ቀጭን ነበር ወይስ ወፍራም፣ ፍሬው ጥቁር ነበር ወይስ ነጭ ብሎ ጠየቀ። የሰው ነፍስ በበለስ አንጓ ላይ የምትንጠለጠልበት ጊዜ አለ።

ዘጸአት 23፥1 ደግሞ ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል ይላል። በዕብራይስጡ ያለው ግስ ከግእዙ «ነሥአ» ጋር ዘመድ ነው፤ ማንሣትም መሸከምም ይሆናል። ሞግዚቷ ሕፃኑን ያነሣችበት ግስም ይኸው ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ራሺ ትእዛዙን ለዳኛም ያደርገዋል፦ ባለጋራው ሳይቀርብ የአንዱን ወገን ቃል አትስማ።

ዳዊት ግን የአንዱን ወገን ሰማ። ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ ከደብረ ዘይት ራስ ጥቂት እንዳለፈ የሜምፊቦስቴ አገልጋይ ሲባ ሁለት አህዮች ጭኖ መጣ፤ 200 እንጀራ፣ 100 የዘቢብ ዘለላ፣ 100 የበጋ ፍሬ፣ አንድ አቁማዳ ወይን። ጌታህ የት ነው ሲባል፣ የአያቴ መንግሥት ዛሬ ይመለስልኛል ብሎ ኢየሩሳሌም ቀርቷል አለ። የደከመና የተራበ ንጉሥ ከስንቅ ጋር የመጣውን ቃል አልመረመረም። የሜምፊቦስቴ ሀብት ሁሉ ያንተ ነው ብሎ እዚያው ፈረደ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሜምፊቦስቴ ንጉሡን ሊቀበል ወረደ። ንጉሡ ከሄደበት ቀን ጀምሮ እግሩን አልጠበቀም፣ ጢሙን አልከረከመም፣ ልብሱን አላጠበም። አንካሳ ነኝና አህያ ልጫን ብል አገልጋዬ አታለለኝ አለ። ዳዊት ነገሩን ማስረዘም አልፈለገም፤ አንተና ሲባ መሬቱን ተካፈሉ አለ። ሳሙኤል የተባለው የታልሙድ መምህር ዳዊት ሐሜት አልተቀበለም፣ በሜምፊቦስቴ ላይ ምልክት አይቷል ብሎ ይከራከራል። ራቭ ተብሎ ብቻ የሚጠራው ሌላ መምህር ግን ተቀብሏል ይላል፤ ዳዊት «ተካፈሉ» ባለባት ሰዓት የልጅ ልጁ ሮብዓምና ባላጋራው ኢዮርብዓም መንግሥቱን ይካፈሉታል የሚል ድምፅ ከሰማይ ወጣ ይላል። እኔ ከራቭ ጋር ነኝ።

ሜምፊቦስቴ የመለሰው አጭር ነው፦ ጌታዬ ንጉሡ በሰላም ወደ ቤቱ ገብቷልና፣ እርሱ ሁሉንም ይውሰደው።