«ዴር» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ምንድን ነው?

የእንግሊዝኛ ሰዋስው በደንብ ለተማረ ሰው «ሂ ዴር ኖት» የሚለው ሐረግ ስሕተት ይመስላል። ባለቤቱ «እሱ» ሲሆን የግሱ መጨረሻ ላይ «ስ» ይጨመራል ተብለን አድገናልና። ሐረጉ ግን ትክክል ነው፤ «አይደፍርም» ማለት ነው። «ስ» የቀረበት ምክንያት ከሺሕ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል።

«ዴር» አደጋ ወይም ቁጣ ሊያመጣ የሚችል ነገር ለማድረግ መድፈር ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግሱ «ዱራን» ነበር፤ «እደፍራለሁ» ሲሉ «ዴአር» ይሉ ነበር። ሩቅ ዘመዶችም አሉት፤ በግሪክ «ትራሲስ» ደፋር ነው፣ በሳንስክሪት «ድሪሽኖቲ» ይደፍራል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ403 በአቴና ዴሞክራሲን የመለሰው የጦር መሪ ትራሲቡሎስ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል ከዚሁ ሥር የመጣ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። «ዴአር» መልኩ የኃላፊ ጊዜ፣ ትርጉሙ ግን የአሁን ጊዜ ነበር። አማርኛ ለሚናገር ይህ አያስደንቅም፤ «ራበኝ» ያለ ሰው የራበው አሁን ነው፣ ግሱ ግን ኃላፊ ነው። የእንግሊዝኛ ኃላፊ ግስ ደግሞ ለ«እሱ» «ስ» አይጨምርም። «ካን»፣ «ሜይ» እና «ሻል» ያለ «ስ» የቀሩትም በዚሁ መንገድ ነው።

የኃላፊው መልክ ለአሁን ጊዜ ከተወሰደ በኋላ ለትናንቱ ሌላ መልክ አስፈለገ፤ እሱም ቆይቶ «ደርስት» ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በማቴዎስ ምዕራፍ 22 መጨረሻ፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ኢየሱስን ለመጠየቅ ማንም እንዳልደፈረ የሚናገረው ቁጥር ላይ ይገኛል። ዛሬ ቦታውን «ዴርድ» ወስዶበታል።

በእኔ ግምት ተማሪን የሚያደናግረው ግሱ ሁለት ጠባይ ይዞ መቅረቱ ነው። በአሉታና በጥያቄ የጥንት ጠባዩ ብቅ ይላል። በሌላው ቦታ እንደ ማንኛውም ግስ «ስ» ይቀበላል፤ እ.ኤ.አ. በ1941 የተመሠረተው የብሪታንያ ልዩ የአየር አገልግሎት ጦር መፈክር «ሁ ዴርስ ዊንስ» (የደፈረ ያሸንፋል) ነው። ሁለቱን ጠባይ ቀላቅሎ የሚናገር እንግሊዛዊም ሞልቷል፤ ማንም አያርመውም።

«ሃው ዴር ዩ» ቁጣ ነው፦ «እንዴት ብትደፍር ነው!» «አይ ዴር ሴይ» ግን የድፍረት ትርጉሙ ጠፍቷል፤ «ሳይሆን አይቀርም» እንደ ማለት ነው።

መዝገበ ቃላት «ዴር»ን «ደፈረ» ብሎ ሲፈታ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ሰውን ተሳቢ ሲያደርግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ግሱ ሌላውን ሰው መገዳደርንም ያመለክታል። «አይ ዴር ዩ» የሚል ልጅ ጓደኛውን «እስቲ ወንድ ከሆንክ አድርገው!» እያለው ነው። ስለዚህ «ሂ ዴርድ ኸር» የሚለውን «ደፈራት» ብሎ የተረጎመ ሰው ምንም ያላደረገን ሰው በከባድ ወንጀል ከሰሰ ማለት ነው። ሰውየው «እስቲ ከደፈርሽ አድርጊው» ብቻ ነው ያላት።