ንጹህ ዝርያ ዶሮ ማርባት፦ ጣጣው ያለው አውራው ላይ ነው

ንጹህ ዝርያ የሚባለው ዶሮ እናትና አባቱን የሚመስል ጫጩት የሚሰጥ ነው። በቃ፣ ትርጉሙ ይኸው ነው። ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባለውን ቀይ ዝርያ ከራሱ ዝርያ ጋር ብታገናኙ የሚፈለፈለው ሮድ አይላንድ ሬድ ነው፤ ልጁም በተራው ሲወልድ እንደዚያው። ለንግድ የሚረቡት እንቁላል ጣዮች ግን እንዲህ አይደሉም። ሆን ተብሎ ከተለያዩ የዘር መስመሮች የተዳቀሉ ናቸው። እንቁላል በመጣል ማን ይደርስባቸዋል! ችግሩ ከእነሱ እንቁላል ጫጩት ስታወጡ ያ ሁሉ ነገር ልጆቹ ላይ ይበታተናል። አንዷ ግዙፍ፣ አንዷ ደቃቃ፣ አንዷ ጎበዝ ጣይ፣ አንዷ ደግሞ በልታ አዳሪ። ስለዚህ ዓመት ዓመት ከራሱ መንጋ ጫጩት ማውጣት የሚፈልግ ሰው የግድ ወደ ንጹህ ዝርያ ይመጣል።

"ንጹህ" የሚለው ቃል ግን አያሳስታችሁ። ከጥንት ጀምሮ ሳይነካ የቆየ ደም የሚባል ነገር የለም። የቤት ዶሮ ዋናው ምንጭ የደቡብ ምሥራቅ እስያው ቀይ የጫካ ዶሮ ነው፤ የዛሬዎቹ ዝርያዎች ደግሞ ሰው እየቀላቀለና እየመረጠ የሠራቸው ናቸው። ሮድ አይላንድ ሬድ ራሱ ከእስያ የመጡ ቀይ አውራዎች ከሌሎች ዶሮዎች ጋር ተደባልቀው የወጣ ነው። ብዙዎቹ መልካቸው በወረቀት ላይ የሰፈረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያው የዝርያ መለኪያ መጽሐፍ በ1865 እ.ኤ.አ. ታተመ። የአሜሪካው የዶሮ አርቢዎች ማኅበር በ1873 ተቋቁሞ በዓመቱ የራሱን አወጣ። እንዲህ ያለ መለኪያ ክብደትን፣ የላባና የእግር ቀለምን፣ አናት ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ቅርጽ፣ የጀርባን መስመር፣ የጣትን ቁጥር ሳይቀር ይዘረዝራል። ሲልኪ የሚባለው ዝርያ ለምሳሌ አምስት ጣት ከሌለው ሲልኪ አይባልም።

የትኛውን ዝርያ ልያዝ የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ያስጨንቃል፤ እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም። ሌግሆርን ቀላል፣ ድንጉጥና ነጭ እንቁላል ጣይ ነው። ኦርፒንግተን ከባድና ሰላማዊ ነው። ማራንስ ቡናማው የጠቆረ እንቁላል፣ አራውካና ሰማያዊ እንቁላል ይጥላሉ። የወደዳችሁትን ያዙ። ብቻ አንድ ብቻ ያዙ። አምስት ዝርያ ከአምስት አውራ ጋር የሚጀምር ሰው በሁለተኛው ዓመት የማን ልጅ የማን እንደሆነ አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጀማሪ የሚሳሳተው ሴቶቹን እየቆጠረ ነው። 20 ሴትና 1 አውራ ይዞ "ሃያ አንድ ዶሮ አለኝ" ይላል። በዘር ሒሳብ ግን የለውም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የአውራዎቹን ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር ታባዛላችሁ፣ ያንን በ4 ታባዛላችሁ፣ ከዚያ ለሁሉም ድምር ታካፍላላችሁ። 20 ሴትና 1 አውራ ሲሰላ 3.8 ይመጣል። መንጋው በዘር በኩል አራት ዶሮ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። 9 ሴትና 3 አውራ ሲሆን ግን ውጤቱ ልክ 9 ነው። አሥራ ሁለቱ ዶሮ ሃያ አንዱን በለጠ! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የእያንዳንዱ ጫጩት ግማሽ ከአባት ይመጣል፣ አባት አንድ ከሆነ ደግሞ ግቢው ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ ወንድምና እህት ነው።

ዘመድ ከዘመድ ሲራባ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፣ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ያምራል። እንዲያውም አንድ ዓይነት ስለሚሆን "ዝርያዬ ጠራልኝ" ያሰኛል። ቀስ እያለ የሚፈለፈለው ቁጥር ይወርዳል፣ ጫጩት ዛጎሉን ሳይሰብር ውስጡ ይሞታል፣ የእንቁላሉ ብዛት ይቀንሳል፣ በሽታ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይተኛሉ።

ለትንሽ መንጋ የሚሠራው ዘዴ መንጋውን ሦስት ቤተሰብ አድርጎ መክፈል ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ በሏቸው። ሴት ልጆች እናታቸው ቤተሰብ ውስጥ ይቀራሉ። ወንዶቹ ይሰደዳሉ። የሀ ልጅ ወደ ለ፣ የለ ልጅ ወደ ሐ፣ የሐ ልጅ ወደ ሀ ይሄዳል። በየዓመቱ እንዲሁ ይዞራል። ማንም ከገዛ እህቱ ጋር አይገናኝም፣ ከውጭ አዲስ ደም ሳታስገቡም ለብዙ ዓመት መሄድ ትችላላችሁ። ከእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ተጠባባቂ ኮክኔ፣ ማለትም ወጣት አውራ፣ ማስቀረት ግን አትርሱ። አውራ የሚሞተው ሁልጊዜ ልክ እንቁላል መሰብሰብ ስትጀምሩ ነው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

በአንድ አውራ ሥር ስንት ሴት? ለሌግሆርን ዓይነት ቀላል ዝርያ ከ10 እስከ 12፣ ለብራህማና ለኮቺን ዓይነት ከባድ ዝርያ ከ6 እስከ 8 ቢሆን ጥሩ ነው። ላባቸው በጣም የበዛ ዝርያዎች ላይ ከጅራት ሥር ያለውን ላባ መከርከም ያስፈልጋል፣ አለዚያ እንቁላሉ ባዶ፣ ማለትም ጫጩት የማይወጣበት፣ ሊሆን ይችላል። ሴቶቹ ካነሱበት ደግሞ አውራው ሁለቷን ይዞ ጀርባቸውን ይመልጣቸዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር ሰውነቷ ውስጥ ታከማቻለች። አውራው ከሄደ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ሳምንት፣ የምትጥለው እንቁላል የእሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አውራ ስትቀይሩ ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ዛሬ ቀይራችሁ ነገ የለቀማችሁት እንቁላል የድሮው ሰውዬ ነው።

ለዘር የሚቀረውን መምረጥ የሚቻለው በዓይን ብቻ አይደለም፣ በእጅ ነው። ዶሮዋን አንሷት። አንድ መዳፍ ከደረቷ ሥር፣ ጣቶቻችሁ በእግሮቿ መካከል ይግቡ፤ እንዲህ ከተያዘች አትራገጥም። የደረት አጥንቷን ከፊት ወደ ኋላ በአውራ ጣት ዳስሱት። ቀጥ ያለ ነው ወይስ ታጥፏል? ከዚያ ከጅራቷ በታች ያሉትን ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ፈልጉ። እየጣለች ያለች ዶሮ ላይ በመካከላቸው ሁለት ሦስት ጣት ይገባል፤ የማትጥል ከሆነ አንድ ጣት እንኳ ይጨንቀዋል። ቢጫ እግር ባላቸው ዝርያዎች ላይ ሌላ ምልክት አለ። ስትጥል የከረመች ዶሮ ቢጫው ወደ አስኳል ሄዶ እግሯ ይነጣል። ጥቅምት ላይም ይሁን ግንቦት እግሯ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆና የምታብለጨልጭ ዶሮ ቆንጆ ናት፣ ግን ሥራ ፈት ናት።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት ላባው የሚያንጸባርቅ አውራ ነበረኝ። ጅራቱ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘመመ ነበር። ምን አለበት አልኩ፣ ውበቱ ይበቃል። በዓመቱ ጅራታቸው ወደ ቀኝ የዞረ ሰባት ኮክኔዎች ግቢ ውስጥ ሲንጎራደዱ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሴቷ እንከን ቢኖራት የሚደርሰው ለራሷ ልጆች ነው። አውራው ግን ለሁሉም ያድላል። ስለዚህ ሴቷን ትንሽ መማር ይቻላል፣ አውራውን አይቻልም። የተጣመመ መንቁር፣ የተንጋደደ ጅራት፣ ከመለኪያው የወጣ የእግር ቀለም ካለው ለዘር አይቀርም። ክፉ አውራም እንዲሁ፤ ሰው ላይ የሚዘል አውራ ልጆቹም ሊዘሉ ይችላሉ።

አንዳንዱ ነገር ግን እንከን ሳይሆን ተፈጥሮው ነው። ሰማያዊ ላባ ያለው ዶሮ፣ ማለትም ግራጫው፣ ሁልጊዜ ሰማያዊ አይወልድም። ሰማያዊ ከሰማያዊ ሲገናኝ ግማሹ ሰማያዊ፣ ሩቡ ጥቁር፣ ሩቡ ነጭ ላይ ጠብ ጠብ ያለበት ይወጣል። ሁሉም ሰማያዊ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ጥቁሩን ከዚያ ጠብ ጠብ ካለበት ጋር ማገናኘት ነው። እግረ አጫጭሮቹ የጃፓን ድንክ ዶሮዎች ላይ ደግሞ እግር የሚያሳጥረው ዘር ከእናትም ከአባትም ከመጣ ጫጩቱ እንቁላል ውስጥ ይሞታል፤ ሁለት አጫጭር ስታገናኙ ሩቡን ማጣት ያለ ነገር ነው። መፈልፈያውን አትውቀሱ።

እንቁላል ለመፈልፈል ሲለቀም ንጹሁን፣ መካከለኛውንና ቅርጹ የተስተካከለውን ብቻ ነው። ቄብ መጣል ስትጀምር የምትጥላቸው ትንንሾቹ አይሆኑም። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከአንድ ሳምንት በላይ ሲቆይ የመፈልፈል ዕድሉ ይወርዳል። ማቀፍ የምትወድ ዶሮ ካለች ከማሽን ትሻላለች፣ ሥራዋን ታውቃለች። ማሽን ከሆነ፣ ማራገቢያ ያለው ላይ 37.5 ዲግሪ ነው። እንቁላሉ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፣ በ18ኛው ቀን መገልበጡ ይቆማል፣ እርጥበቱ ከፍ ይደረጋል። በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል።

በ7ኛው ቀን ማታ መብራት አጥፍታችሁ የስልክ ባትሪ እንቁላሉ ሥር አብሩ። ሕይወት ያለው እንቁላል ውስጥ ቀያይ ክሮች ከአንድ ጥቁር ነጥብ እንደ ሸረሪት እግር ተዘርግተው ይታያሉ። ትንሽ ከታገሣችሁ ነጥቡ ይንቀሳቀሳል። ባዶው ጥርት ብሎ ያበራል፣ አስኳሉ ብቻ እንደ ጥላ ይዋኛል። ቀይ ቀለበት ብቻ የሚታይበት ጀምሮ የሞተ ነው። ከየትኛው አውራ ስንት ባዶ እንደወጣ እዚያው ጻፉ።

ጫጩቶች የመጀመሪያ ሳምንት 35 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ቴርሞሜትር ባይኖር እነሱ ይናገራሉ። ሙቀቱ ሥር ተጨናንቀው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ጥግ ጥጉን ይዘው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። መኗቸው 20 በመቶ ያህል ፕሮቲን ያለው የጫጩት መኖ ነው። የጣይ መኖ እንዳትሰጧቸው፤ ለእንቁላል ዛጎል ተብሎ የተጨመረው ካልሲየም የጫጩትንና የቄብን ኩላሊት ይጎዳል። ለዘር የሚጥሉ እናቶች ደግሞ የቫይታሚን እጥረት ካለባቸው ዕዳውን የሚከፍለው ጫጩቱ ነው። ራይቦፍላቪን ሲያንስ ጣቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ጫጩት ይወጣል።

ቤታቸው ላይ ብዙ አልልም። ደረቅ ጉዝጓዝ፣ አየር የሚገባበት ከላይ ክፍት ቦታ፣ ለአንድ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቆጥ፣ ለአራት አምስት ዶሮ አንድ መጣያ ሳጥን ይበቃል። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ የኩስ ሽታ ዓይናችሁን ካቃጠለ የእነሱንም ሳንባ እያቃጠለ ነው።

በሽታ ላይ ግን ቆም እንበል፣ አርቢ ከሌላው ባለዶሮ የሚለይበት ስላለ። ፈንግልን፣ ጉምቦሮንና ማሬክስን በክትባት መከላከል ይቻላል፣ የማሬክስ ክትባት የሚሰጠው ጫጩቷ በተፈለፈለችበት ቀን ነው። ኮክሲዲዮሲስ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ያጠቃል፤ ደም የቀላቀለ ኩስ ካያችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ፍጠኑ። አርቢን የሚያስፈራው ግን በእንቁላሉ በኩል ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ነው፣ ፑሎረም የሚባለው የሳልሞኔላ ዓይነትና ማይኮፕላዝማ። እነዚህ በቆንጆ ጤነኛ መሳይ ዶሮ ውስጥ ተደብቀው ይገባሉ። ስለዚህ ለዘር የሚቀሩትን በደም ምርመራ ማጣራት ይገባል፣ አዲስ የገባ ዶሮም ቢያንስ አንድ ወር ለብቻው ይቀመጥ። ሌላም አለ። ቀን ቀን የማትታይ፣ ማታ ከቆጡ ስንጥቅ ወጥታ ደም የምትመጥ ጥቃቅን ተባይ። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ መውጣት እንቢ ካሉ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ፣ የቆጡን ሥር በነጭ ወረቀት ጥረጉ። ወረቀቱ ላይ ቀይ ጭረት ከቀረ አገኛችኋት።

የእግር ቀለበት ለሁሉም፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ቀለም፣ ከዚያ አንድ ደብተር። አባት፣ እናት፣ የተፈለፈለበት ቀን፣ ክብደት፣ እንከን። ኮምፒውተር አያስፈልግም። ቀለበቱ ሲጠብ ግን እግሩን ይቆርጠዋል፣ ጫጩቶቹ ላይ በየሁለት ሳምንቱ ማየት ነው።

መቼም ከሚፈለፈለው ግማሹ ወንድ ነው። ከ40 ጫጩት 20 ኮክኔ ይወጣል፣ ለሦስት ቤተሰብ ተጠባባቂውን ጨምሮ የሚያስፈልገው ስድስት ነው። አሥራ አራቱ የት እንደሚሄዱ ያልወሰነ ሰው ማሽኑን ባይሰካ ይሻላል። እኔ በስምንተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ እመርጣለሁ፣ ግልጽ እንከን ያለበት ይወጣል። የቀሩትን ስድስት ወር ሲሞላቸው እንደገና አንድ በአንድ እያነሳሁ አያለሁ። እዚያ ላይ በስምንት ሳምንቱ የናቅኩት ለጥቂት የተረፈ ኮክኔ ሁሉን በልጦ ሲገኝ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ላይ እጄን ሰብሰብ አደርጋለሁ።