ስክሪኑ ጠቆረ ማለት ካርዱ ተቃጠለ ማለት አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት ግራፊክስ ካርድ (ኮምፒውተሩ ለሞኒተሩ ምስል የሚያዘጋጅበት ክፍል) በፌስታል ጠቅልሎ ሱቄ መጣ። ኮምፒውተሩን ቤት ትቶ ካርዱን ብቻ ነው ያመጣው። «ጋሼ፣ ይሄ ተቃጥሏል። ለመለዋወጫ በስንት ይገዙኛል?» አለኝ። መቃጠሉን በምን እንዳወቀ ጠየቅኩት። ገጥሞ ሲያበራው ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ የሰፈር ልጆችም «በቃ፣ ሞቷል» ብለውታል። መሞከሪያ ማሽኔ ላይ ሰካሁት። ወዲያው ምስል ሰጠ። ልጁ ደስታው ፊቱ ላይ ታየ። እኔ ግን ተናደድኩ። በርካሽ ሊሸጠው የነበረው ካርድ ምንም አልነበረበትም።

ዴስክቶፕ እየጠገንኩ 12 ዓመት ሆነኝ። «ተቃጥሏል» የሚለውን ፍርድ ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ፈራጁ አብዛኛውን ጊዜ ኬዙን እንኳ አልከፈተም። ሰልችቶኛል። ስለዚህ ከሱ ጋር ተከትለው ከሚመጡት ሌሎች አባባሎች ጋር አንድ ላይ ልመልሰው።

«ምስል ከሌለ ካርዱ ሞቷል»

አዲስ ካርድ ተገጥሞ ስክሪን ሲጠቁር ካርዱ ራሱ የተበላሸ ሆኖ የማገኘው ጥቂት ጊዜ ነው። ምስሉ ሞኒተሩ ላይ እስኪደርስ ብዙ ነገር መሟላት አለበት። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ቦርድ፣ ካርዱን ማወቅ አለበት። ለክፍሎቹ መብራት የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ በቂ መብራት መስጠት አለበት። ኬብሉ ትክክለኛው ቦታ መሰካት አለበት። ሞኒተሩም የሚመጣለትን ሲግናል መረዳት አለበት። አንዱ ሲጎድል ውጤቱ ያው ጥቁር ስክሪን ነው።

መጀመሪያ የማየው የኬዙን ጀርባ ነው። የሞኒተሩ ኬብል የት ነው የተሰካው? በጣም ብዙ ጊዜ ድሮ የነበረበት ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ካርድ ሲገባ ብዙ ማዘርቦርዶች የራሳቸውን የምስል መውጫ ያጠፋሉ። ኬብሉ ወደ ካርዱ ፖርት መዛወር አለበት። ፕሮሰሰሩ እንደ ኮር አይ5 12400ኤፍ ስሙ በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ከሆነ ደግሞ ውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ የማዘርቦርዱ ፖርት መቼም ምስል አይሰጥም። ሞኒተሩም ላይ ኢንፑቱን ኬብሉ ወደተሰካበት ቀይሩት። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ ነበረች። ስዕሏን ሬንደር ለማድረግ (እውነተኛ ወደሚመስል ምስል ለመቀየር) ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባል የኢንቪዲያ ካርድ ገዛች። ሞኒተሯ የድሮ ነው፤ ያለው ቪጂኤ ፖርት ብቻ። ካርዱ ላይ ቪጂኤ የለም፤ ያለው ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይ ፖርት እና ዲቪአይ ነው። የሸጠላት ሰው ከዲቪአይ ወደ ቪጂኤ የምትቀይር ትንሽ አዳፕተር ሰጣት። አዳፕተሯ አልገባ አለች። ጎን ላይ ያሉት አራት ቀጫጭን ፒኖች ማረፊያ ቀዳዳ የላቸውም። ሰውየው ፒኖቹን በፒንሳ ነቅሎ አስገባላት። ገባ። ምስል ግን የለም። ሌላ ሁለት ሱቅ ዞራ ሁለቱም «ካርዱ ተቃጥሏል» አሏት።

እነዚያ አራት ፒኖች ትርፍ አይደሉም። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሞችን እና የመስመር ማመሳሰያውን በአናሎግ የሚያሻግሩት እነሱ ናቸው። ቪጂኤ የሚያውቀው ደግሞ አናሎግ ብቻ ነው። ፒኖቹ ሲነቀሉ ምስሉ አብሮ ተነቀለ። ባይነቀሉም ኖሮ ለውጥ አልነበረም። ከ2016 ጀምሮ የወጣው የኢንቪዲያ 10 ሲሪስ፣ የሷን 1050 ቲአይ ጨምሮ፣ አናሎግ መልቀቅ ትቷል፤ ቀዳዳዎቹ የሌሉት ለዚህ ነው። የሚያስፈልጋት ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር፣ ውስጡ ቺፕ ያለው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ኮንቨርተር ነበር። ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰካሁላት፤ ምስሉ መጣ። ሦስት ሱቅ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ «ሞኒተርሽ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ አልጠየቃትም። ይህ እስካሁን ያበሳጨኛል። እዚህ አገር የቪጂኤ ሞኒተር ገና በየቤቱ አለ። ካርድ ስትገዙ የሞኒተራችሁን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ።

«ፎርማት ይደረግ»

ለማንኛውም ችግር የሚሰጥ መልስ ሆኗል። እባካችሁ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ስክሪኑ የጠቆረው መቼ ነው?

ከመጀመሪያው ምንም ካላሳየ፣ የማዘርቦርዱ ሎጎ እንኳ ካልመጣ፣ ዊንዶውስ ገና ሥራ አልጀመረም። ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩም፣ ገና አልተነሳም። ስለዚህ ፎርማት ማድረግ ምንም አይፈይድም፤ ፋይላችሁን ታጣላችሁ እንጂ። ችግሩ ኬብል፣ መብራት፣ የካርዱ አቀማመጥ ወይም ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) ነው።

ሎጎው መጥቶ ዊንዶውስ ሊገባ ሲል ከጠቆረ ግን ድራይቨሩን ተጠራጠሩ። በተለይ ከኤኤምዲ ካርድ ወደ ኢንቪዲያ ካርድ፣ ወይም በተቃራኒው ከቀየራችሁ። መጀመሪያ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትን እና ቢን አንድ ላይ ተጫኑ፤ የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳል። ካልሆነ ዊንዶውስ ሊነሳ ሲል ማብሪያውን ተጭኖ በመያዝ በግድ ማጥፋት፣ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ነው። ቀጥሎ ሲበራ የጥገና ገጹ ይመጣል። ከዚያ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ነገሮች ብቻ በሚነሳበት) ገብታችሁ የድሮውን ድራይቨር ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በሚባለው ፕሮግራም አጽዱ፤ ከዚያ አዲሱን ጫኑ። ፎርማት የለም።

ጌም ወይም ሬንደር ስትጀምሩ የሚጠቁር ከሆነ፣ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

«ፓወር ሰፕላዩ 500 ዋት ይላል፣ ይበቃል»

ትልቁን ቁጥር አትመኑ። ከጎኑ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። ካርድና ፕሮሰሰር የሚበሉት ከ12 ቮልት መስመር ነው። እዚያ 18 አምፒር ከተጻፈ 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት ብቻ ነው። አርኤክስ 580 የሚባለው የኤኤምዲ ካርድ ብቻውን ወደ 185 ዋት ይወስዳል። 65 ዋት ፕሮሰሰር ሲጨመር 250 ሆነ። ዴስክቶፑ በሰላም ይነሳል፤ ጌሙ ሲከፈት ይጠቁራል። ከኬዝ ጋር አብሮ የሚሸጠው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ካርድ የሚጨምር ሰው ሌላም ችግር አለበት። ፓወር ሰፕላዩ አነስተኛ ነው፤ የካርድ ኬብልም ብዙ ጊዜ የለውም። ማዘርቦርዱ ካርዱ በሚሰካበት ስሎት በኩል የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ባለ 6 ፒን ኬብል ሌላ 75፣ ባለ 8 ፒን 150 ይጨምራል። ኬብሉ ከሌለ እንደ 1050 ቲአይ ከስሎቱ ብቻ የሚሠራ ካርድ ፈልጉ።

ብዙዎች ግን ከሳታ (የሃርድ ዲስክ መብራት መሰኪያ) ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር ይገዛሉ። ይህን ስናገር ከልቤ ነው፦ አታድርጉት። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው። 8 ፒን ግን 150 ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ደንበኛ «የሚሸት ነገር አለ» ብሎ ያመጣውን ኬዝ ስከፍት የሳታው ጫፍ ቡናማ ሆኖ ከአዳፕተሩ ጋር ቀልጦ ተጣብቋል። ቤት ውስጥ ልጆች ተኝተው ነበር።

የፕሮሰሰሩ 8 ፒን እና የካርዱ 8 ፒንም አንድ አይደሉም። ይመሳሰላሉ፤ ፕላስና ማይነሳቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ለሁለት እኩል አራት አራት የሚከፈለው የፕሮሰሰሩ ነው፤ ስድስትና ሁለት ሆኖ የሚከፈለው የካርዱ። በግድ የሚገባ ከሆነ አቁሙ። የሚነቀል ኬብል ያለው ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ ደግሞ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል አትዋሱ። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው አሰላለፍ ከአምራች አምራች ይለያያል። ካርድ በእውነት የሚቃጠለው እንዲህ ሲደረግ ነው።

«ፋኑ አይዞርም፣ ስለዚህ መብራት አላገኘም»

ብዙ አዳዲስ ካርዶች እስኪሞቁ ድረስ ፋናቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ። የፋን መዞርም ደህንነት አይደለም፤ ምስል ሳይሰጥም ይዞራል።

«ያገለገለ ካርድ ሁሉ የሞተ ነው»

አይደለም። ነገር ግን የማይኒንግ (ክሪፕቶ ገንዘብ የማምረት ሥራ) ካርድን ለዩ። ፒ106-100 የሚባለው በ2017 የወጣ የኢንቪዲያ ካርድ ለማይኒንግ ብቻ የተሠራ ነው። የምስል መውጫ የለውም። ኬብል የሚሰካበት ከሌለ ምን ታደርጉታላችሁ? ሳታዩ አትግዙ። አንዳንድ አርኤክስ 580ዎች ደግሞ ባዮሳቸው ለማይኒንግ ተቀይሮ ነው የሚሸጡት። ጎናቸው ላይ ትንሽ ማብሪያ ካላቸው ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ወደ ሌላው ወገን ግፉት፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ባዮስ አለ።

«ዲስፕሌይ ፖርት ላይ ካልሠራ ፖርቱ ተበላሽቷል» የሚሉም አሉ። የኢንቪዲያ 900 እና 10 ሲሪስ ካርዶች ከአንዳንድ አዲስ ሞኒተሮች ጋር ዊንዶውስ እስኪገባ ድረስ ይጠቁራሉ። ኩባንያው በ2018 ለዚሁ ነጻ የፈርምዌር (የካርዱ የውስጥ ፕሮግራም) ማሻሻያ አውጥቷል። በኤችዲኤምአይ ገብታችሁ ጫኑት።

የማዘርቦርድ ባዮስ ማደስም ይረዳል፣ በተለይ ማሽኑ አሮጌ ካርዱ አዲስ ሲሆን። ግን መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አትሞክሩት። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱን ራሱን ታጡታላችሁ።

ወጣቱ ሰኞ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣ። ኬዙን ከፈትኩት። የካርዱ ኬብል በትክክል ተሰክቷል፤ ፓወር ሰፕላዩም ጥሩ ነው። ካርዱን መልሼ ስገጥመው ግን የፊተኛው ጫፍ ሲገባ የኋለኛው ተነሳ። ኬዙ ከኋላ ታጥፏል፤ የካርዱ ብረት እዚያ እየገፋው ነው። ስሎቱ ጫፍ ላይ ያለችው መቆለፊያም ጠቅ አላለችም። ቤት ሲገጥመው ጠቅታውን ሰምቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ምን ጠቅታ?» አለኝ። ብረቱን በፒንሳ አቃናሁ፤ ካርዱን ሁለቱንም ጫፍ እኩል ተጫንኩት። ጠቅ አለ። ብሎኑን በካቻቢቴ አጠበቅኩና «በል አብራው» አልኩት።