ኮከቡና መፈክሩ፦ ስለ 1969-70ው ጦርነት የሚባለውና የሆነው

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ስለ ሶማሊያ ወረራ ወሬ ሲነሣ ታንኩና ጀግናው ይተረካል። ውሳኔዎቹን ከኋላ ሆኖ ስለገፋው ተረት ግን ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። (ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

«የዚያድ ባሬ የግል እብደት ነበር»

ታላቋ ሶማሊያ፣ ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ግዛቶች አንድ አገር የማድረግ ሕልም፣ ከሰውየው ትቀድማለች። የእነዚሁ ግዛቶች ምልክት የሆነው ባለ አምስት ጫፉ ኮከብ የሶማሊያ ሰንደቅ ዓላማ ላይ የገባው በ1947፣ እሱ ሥልጣን ከመያዙ 15 ዓመት በፊት ነው። ሁለቱ ጫፎች፣ የእንግሊዝና የጣሊያን ሶማሌላንድ፣ በ1952 ተዋሕደው ሶማሊያ ሆኑ፤ ጅቡቲ፣ ኦጋዴንና ሰሜን ኬንያ ቀሩ። በ1956 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የተወረሰው ድንበር ይከበር ሲል ሞቃዲሾ አሻፈረኝ አለች። ሰኔ 20 ቀን 1969 ደግሞ ጅቡቲ ለብቻዋ ነፃ ወጣች። በወሩ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ኦጋዴን ገባ። ደርግ በእርስ በርስ ሽኩቻ ተዳክሞ መታየቱ ዕድል ከፈተ፤ ኮከቡ ግን ዕድሉን ወደ ግዴታ ለወጠው። በየትምህርት ቤቱ «የጎደለን መሬት አለ» ሲባል የኖረ መንግሥት፣ በሩ ተከፍቶ ቢያልፈው ለሕዝቡ የሚሰጠው መልስ አልነበረውም።

«ፕሮፓጋንዳ ለሕዝብ ነው፤ አለቆቹ እውነቱን ያውቃሉ»

ማወቁንማ ያውቃሉ። ችግሩ የተናገሩት ነገር እነሱኑ ማሰሩ ነው። ሞቃዲሾ የሚዋጋው የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ብቻ ነው፣ እኛ የለንበትም ትል ነበር። ነሐሴ 11 ቀን 1969 ድሬዳዋ ላይ የመጣው ግን ታንክና መድፍ ነው። ዒላማውም ግልጽ ነበር፦ አውሮፕላን ማረፊያውና የምድር ባቡሩ መጠገኛ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋውን 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በሕይወት ያቆየው የነበረው ይኸው መጠገኛ ነውና።

«የለንበትም» ያለ መንግሥት የክተት አዋጅ ማወጅ አይችልም። ሶማሊያ መደበኛ ጦሯን በይፋ ያዘመተችው በየካቲት 1970 ነው፤ ያኔ የኢትዮጵያና የኩባ መልሶ ማጥቃት ተጀምሮ ነበር። ከዚያ ቀደም፣ ኅዳር 4 ቀን 1970፣ ሶቪየቶችን ስታባርር የአሜሪካ መሣሪያ ይተካል ብላ ነበር። አሜሪካ ግን መጀመሪያ ከኦጋዴን ውጡ አለች። ታንኩም መለዋወጫውም የሶቪየት ሥሪት ስለነበር ጉድለቱ ወዲያው ታየ።

«ያሸነፍነው በወኔ ብቻ ነው»

ወኔው ሐሰት አይደለም፤ ድሬዳዋን ያተረፈው አንዱ እሱ ነው። ግን ሰማዩን የያዙት ኤፍ-5 ጀቶች ነበሩ። ከ10,000 በላይ የኩባ ወታደሮች፣ ደቡብ የመኖችና የሶቪየቱ ጄኔራል ፔትሮቭም አሉበት። ካራማራ በፊት ለፊት ብቻ አልተገፋም፤ በሰሜን በኩል ተዞረ፣ ብረት ለበስም በሄሊኮፕተር ተሻገረ። ጅግጅጋ የካቲት 26 ነፃ ወጣች።

«ተረት የሚጎዳው ተሸናፊውን ነው»

ተሸናፊው በፍጥነት ከፈለ፦ ሚያዝያ 1 ቀን 1970 ሞቃዲሾ ላይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደረገ። አሸናፊው ግን ዕዳውን ቀስ ብሎ ነው የከፈለው፤ እንደኔ እንደኔ ይሄኛው ይብሳል። ደርግ «የምሥራቁ ድል በሰሜን ይደገማል» አለ። መፈክሩ ሁለት የተለያዩ ጦርነቶችን አንድ አደረጋቸው። ምሥራቅ ላይ ጠላት ሜዳ ላይ የተሰለፈ፣ ስንቁን ከሩቅ የሚያስመጣ መደበኛ ጦር ነበር፤ አውሮፕላን ያየዋል፣ መንገዱም ይቆረጣል። ሰሜን፣ ኤርትራ ላይ የጠበቀው ተራራ፣ ምሽግና ምሽጉን እንደ ቤቱ የሚያውቅ ተዋጊ ነው። ይህን የሚል መኮንን ደግሞ ስለ መልክዓ ምድር ቢናገርም የሚሰማው እንደ ተስፋ ቆራጭ፣ ከከፋም እንደ አድኃሪ ነው። ካርታውን ትቶ መፈክሩን ሪፖርት ማድረግ ያዋጣዋል።

ከረን በኅዳር 1971 ተያዘች፤ ናቅፋ ግን አልተያዘችም። በ1974 የቀይ ኮከብ ዘመቻም እዚያው ቆመ። ናቅፋ ፊት ለፊት ለዓመታት የተቀመጠው የደርጉ ናደው ዕዝ በመጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ፈረሰ።