ኢንዱስትሪያል ሜታል ምንድን ነው? ሰምቶ ከአስር ነጥብ ለመስጠትስ ምን ማዳመጥ ያስፈልጋል?

ኢንዱስትሪያል ሜታል የሄቪ ሜታልን፣ ማለትም የከባዱን የሮክ ዓይነት፣ ጊታር ከፋብሪካና ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ድምፅ ጋር አዋህዶ የሚሠራ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ በተለይ በእንግሊዟ በርሚንግሃምና በአሜሪካዋ ቺካጎ መልክ የያዘ የሙዚቃ ዘርፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህ ፍቺ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን አምስት ዘፈኖችን ደርድሮ ለማዳመጥና እያንዳንዱ ከአስር ስንት እንደሚገባው ለመወሰን የተቀመጠን ሰው እምብዛም አይረዳውም፤ ጊታሩም ማሽኑም በአምስቱም ውስጥ ይገኛሉና። ዘፈኖቹን የሚለያያቸው ሌላ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ዘፈን ውስጥ ማሽኑ ሰውየውን ምን እያደረገው ነው? እኔ ነጥብ የምሰጠው ዘፈኑ ለዚህ ጥያቄ ምን ያህል ጥርት ያለ መልስ እንዳለው አይቼ ነው።

በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያለፈ ሰው የመዶሻን ድምፅ ያውቀዋል። አንዱ በርሜል ይቀጠቅጣል፣ ሌላው የተጣመመ ብረት ያቃናል፤ ከሩቅ ሲሰማ ሁሉም አንድ ዓይነት ጫጫታ ይመስላል። ቆም ብሎ አንዱን ሠራተኛ ብቻ ለይቶ ላዳመጠ ግን፣ አንዱ ምት ከሌላው ጋር ፈጽሞ እኩል አይደለም፤ ክንድ ይዝላል፣ ብረቱ ሲለሳለስ ምቱ ይፈጥናል፣ ሠራተኛው ላቡን ሲጠርግ አንድ ምት ይዘላል። በፋብሪካ ውስጥ ያለው መጭመቂያ ማሽን ግን እንዲህ አያደርግም። ሺሕኛው ምት ከመጀመሪያው አይለይም፤ አጠገቡ የቆመው ሰው ቢታመምም ቢያዝንም ፍጥነቱን አይቀይርም። ኢንዱስትሪያል የሚለውን ስም የያዘው ሙዚቃ ሁሉ፣ ሜታል ከመሆኑ በፊትም ጀምሮ፣ ሲያስጨንቀው የኖረው የእነዚህ የሁለቱ ድምፆች ልዩነት ነው።

ስሙ የመጣው በ1976 ስሮቢንግ ግሪስል የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ካቋቋመው «ኢንዱስትሪያል ሪከርድስ» ከተሰኘ የሙዚቃ አሳታሚ ነው። ቡድኑ የተበላሹ የድምፅ ቅጂዎችን፣ ሲንተሳይዘርን (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) እና ጩኸትን እያቀላቀለ ይሠራ ነበር እንጂ ከሮክ ጋር ብዙ ግንኙነት አልነበረውም። በ1980 በምዕራብ በርሊን የተመሠረተው አይንሽቱርትሰንደ ኖይባውተን ደግሞ ቆርቆሮ፣ ምንጭ ሽቦና መሰርሰሪያ ወደ መድረክ አወጣ፤ የቡድኑ ስም ራሱ «የሚፈራርሱ አዳዲስ ሕንፃዎች» ማለት ነው። በዚያው ዓመት የዛሬዋ ስሎቬንያ ክፍል በሆነችው ትርቦቭልየ በተባለች የከሰል ማዕድን ከተማ ላይባኽ ተመሠረተ፤ በጀርመን ዱሰልዶርፍም ስሙን ከታወቀው የክሩፕ የብረት አምራች ቤተሰብ የወሰደው ዲ ክሩፕስ ብቅ አለ። እነዚህ ሁሉ ከብረትና ከከሰል ጋር በሚኖሩ አገሮች የተወለዱ ቡድኖች ናቸው፤ በዙሪያቸው የሚሰማውን ድምፅ ትተው ሌላ ቦታ ሙዚቃ አልፈለጉም።

ሜታልም ቢሆን ከፋብሪካ የራቀ አመጣጥ የለውም። ከሜታል ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው የብላክ ሳባዝ ቡድን ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ የ17 ዓመት ወጣት ሳለ በበርሚንግሃም በአንድ የብረት ቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በሥራው የመጨረሻ ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለነበረ ክሩን የሚጫነው በዚያው በተጎዳው እጁ ነበር። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ክሮቹንም ቀጫጭን አደረጋቸው፤ ኋላም የጊታሩን ቅኝት ዝቅ እያደረገ ተጫወተ። ዛሬ የሜታል መለያ ተደርጎ የሚቆጠረው ወፍራምና ጥቁር ድምፅ በአንድ በኩል ከዚህ ቁስል የወጣ ነው። ኢንዱስትሪያል ሜታልን ለማዳመጥ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቅ እመኛለሁ፤ ማሽንና የሰው ሥጋ የተገናኙበት ቀን በዘርፉ መሠረት ውስጥ አለና።

ሁለቱን ወንዞች ያገናኘው የመሣሪያ ዋጋ መውረድ ነው። በ1983 ከተለያዩ አምራቾች የወጡ ኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲናበቡ ያስቻለው ሚዲ የተባለው የጋራ ቋንቋ ይፋ ሆነ። ከዚያም በ1980ዎቹ አጋማሽ ሳምፕለር፣ ማለትም ማንኛውንም ድምፅ ቀድቶ በአንድ ቁልፍ ንክኪ መልሶ መላልሶ የሚያሰማ መሣሪያ፣ ትልልቅ ስቱዲዮ በሌላቸው ወጣቶች እጅ ገባ። ድራም ማሽን፣ ማለትም በድራመር ፈንታ ምት የሚመታ መሣሪያም፣ ድራመር ላጣ ቡድን ማስታገሻ መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ ጠባይ ተደርጎ መታየት ጀመረ፤ ከቺካጎ አካባቢ የወጣው ቢግ ብላክ በአልበሞቹ ላይ የድራም ማሽኑን «ሮላንድ» ብሎ ከአባላቱ ጋር ጽፎታል።

እንግዲህ ለመመዘን ወደ መረጥኳቸው አምስት ዘፈኖች ልግባ። የመጀመሪያው ጎድፍሌሽ በ1989 ባወጣው «ስትሪትክሊነር» አልበም መክፈቻ ላይ ያለው «ላይክ ራትስ» ነው። ጎድፍሌሽ የበርሚንግሃም ቡድን ነው፤ ጀስቲን ብሮድሪክ ጊታር እየተጫወተ ይጮኻል፣ ጂ. ሲ. ግሪን ቤዝ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር ይጫወታል፣ ድራሙን የሚመታ ሰው ግን የለም። ማሽኑ እንደ ከባድ መጭመቂያ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ባዶ ቦታ አይጠብም አይሰፋም። ቤዙ ዲስቶርሽን በሚባለው የድምፅ ማዛቢያ ሻክሮ ከፊት ቆሟል፤ ጊታሩ ዜማ ከማውጣት ይልቅ ያቃስታል። አሁን የሰውየውን ድምፅ ብቻ ተከትለን እንስማ። ጩኸቱ ከፍ ሲል፣ ድራመር ቢኖር ኖሮ ሳያስበው ምቱን ያጠነክር ነበር፤ ሁለት ሰዎች አብረው ሲጫወቱ አንዱ የሌላውን ስሜት በክንዱ ይቀበለዋልና። እዚህ ግን የሚቀበለው የለም። ሰውየው ይጮኻል፣ ማሽኑ ያንኑ ምት ይመታል፤ ሰውየው ዝም ይላል፣ ማሽኑ ያንኑ ምት ይመታል። የዘፈኑ ሐዘን ያለው በግጥሙ ውስጥ ሳይሆን በዚህ ምላሽ ማጣት ውስጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ከአስር አራት ሰጥቼው ነበር፤ «ይደጋግማል፣ አያድግም» ብዬ። ዛሬ ዘጠኝ ነው የምሰጠው፤ አለማደጉ ዘፈኑ ሊናገር የፈለገው ነገር ራሱ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሁለተኛው የሚኒስትሪ «ኤን ደብልዩ ኦ» ነው፤ በ1992 ከወጣው «ሳልም 69» አልበም። የቡድኑ መሪ አል ጆርገንሰን ትውልዱ ሃቫና፣ ኩባ ቢሆንም ሥራው ከቺካጎ ጋር የተሳሰረ ነው። እዚህ ማሽኑ ሳምፕለር ነው፤ የተቀዳውም የፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ የአባትየው፣ ስለ «አዲስ የዓለም ሥርዓት» የተናገሩት ቃል ነው። አንድ የአገር መሪ በዝግታ የተናገረው ንግግር ተቆርጦ ሲደጋገም ትርጉሙን እየጣለ ወደ ምትነት ይለወጣል፤ አድማጩም የሥልጣን ድምፅ እንዴት እንደሚደነዝዝ በጆሮው ያየዋል። ማሽኑ እዚህ የሰውን ቃል ይዞ አይለቅም። ስምንት እሰጠዋለሁ፤ ጊታሩ ከሐሳቡ ያነሰ አዲስነት ባይኖረው ኖሮ ከዚያ በላይ ይገባው ነበር።

ፊር ፋክተሪ በ1995 «ዲማኑፋክቸር» በተባለው አልበሙ ውስጥ ያስገባው «ሪፕሊካ» ነገሩን ይገለብጠዋል። ስሙ «ቅጂ» ማለት ነው። በዚህ የሎስ አንጀለስ ቡድን ውስጥ ያን ጊዜ ድራሙን ይመታ የነበረው ሬይመንድ ሄሬራ የተባለ ሰው ነው፤ ሆኖም የእግሩ ምት ከዲኖ ካዛሬስ የጊታር ምት ጋር አንድ ላይ እየወደቀና አንድ ላይ እየተቆረጠ የሚሄደው፣ ሁለቱ ሰዎች አንድ ሞተር እስኪመስሉ ድረስ ነው። ማሽኑ ሰውን ከመተካት አልፎ ሰው ማሽን ለመሆን ሲጥር እንሰማለን። ከዚያም በአዝማቹ ላይ በርተን ቤል ማጓራቱን ትቶ በተዘረጋ ድምፅ ያዜማል፤ በብረት ግድግዳ መካከል መስኮት እንደ መክፈት ያለ ነው። ዜማ የለመደ ጆሮ በዚህ ዘርፍ ውስጥ ከየት እንደሚጀምር ግራ ቢገባው ከዚህ ይጀምር። ስምንት ነጥብ።

የራምሽታይን «ዱ ሃስት» ከአምስቱ በዓለም ይበልጥ የታወቀው ነው፤ በ1997 በወጣው «ዜንዙኽት» አልበም ላይ ይገኛል። ቡድኑ በ1994 በበርሊን የተቋቋመ ሲሆን ስድስቱ አባላት ሳይቀያየሩ አብረው ዘልቀዋል። ስለ ምቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ እንደ ሰልፈኛ እግር ቀጥ ያለ ነው፣ ለዚያም ነው ሕዝብ አብሮ የሚጮኸው። ሀብቱ ያለው በቃሉ ውስጥ ነው። በጀርመንኛ «አለህ» የሚለው ረዳት ግሥና «ትጠላለህ» የሚለው ግሥ በጽሕፈት ይለያዩ እንጂ በጆሮ አንድ ናቸው፤ ዘፈኑ አድማጩን በሁለቱ መካከል አንጠልጥሎ ያቆየውና ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ «ጠየቅኸኝ» ማለቱ እንደሆነ ይገልጣል። ቅኔ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የእኛ ቋንቋ እንዲያውም ተቃራኒውን ያደርጋል፤ «አለ» ስንጽፍ ተናገረ ይሁን ይገኛል በፊደሉ አይታወቅም፣ የሚለየው በመጥበቁና በመላላቱ በጆሮ ነው። በዘፈኑ ውስጥ የጋብቻ ቃል ኪዳን ሲጠየቅ መልሱ እምቢታ ነው፤ ማሽን የመሰለው ሰልፍ በዚያች በአንዲት ቃል ይሰነጠቃል። ሰባት እሰጠዋለሁ፤ ቃሉ ዘጠኝ፣ ምቱ አምስት ስለሆነብኝ።

ሜታል የሚሉት ነገር ሁሉ ፍጥነትና ክብደት የሚመስለው አድማጭ እነዚህን ዘፈኖች ሲመዝን ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው ድግግሞሽን እንደ ጉድለት መቁጠር ነው፤ ከላይ በጎድፍሌሽ ላይ የሠራሁት ራሴ ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማሽን በተሰማበት ሁሉ ነጥብ መጨመር ነው። ተራ የሜታል ዘፈን ሠርተው በመግቢያው ላይ የኮምፒዩተር ድምፅ የለጠፉ ቡድኖች በተለይ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ብዙ ናቸው። መለያው ቀላል ነው፦ ማሽኑን በሐሳብ እናውጣው፤ ዘፈኑ ያው ከሆነ ማሽኑ ጌጥ ነበር ማለት ነው፣ እኔም እቀንሳለሁ።

የማዳመጫው ሁኔታም ነጥቡን ያዛባል፤ ይህን ችላ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ከሁለት ዘፈኖች ጥቂት ከፍ ብሎ የተቀዳው፣ አድማጩ ድምፁ መብለጡን ሳያስተውል፣ የተሻለ መስሎ ይሰማዋል፤ የ1989ና የ1997 ቅጂዎች ደግሞ በድምፅ ከፍታ እኩል አይደሉም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዘፈን መጀመሪያ ላይ ድምፁን በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል። በጣም ዝቅ አድርጎ መስማትም አይበጅም፤ የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው ወፍራሙን ድምፅ ነው፤ ቤዙን ያጣ ጎድፍሌሽ ደግሞ ባዶ ነው። ከፍ ማድረግም ወሰን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ 80 ዴሲቤል የሚል ልክ አስቀምጧል፤ ከፍታው ሲጨምር የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያጥራል። ቅደም ተከተሉስ? ያን ጊዜ ለ«ላይክ ራትስ» አራት የሰጠሁት ከ«ሪፕሊካ» ቀጥሎ ስለሰማሁት ጭምር ነው፤ ከሚሮጥ ሞተር በኋላ የመጣ ከባድ እርምጃ የሞተ ይመስላል። አሁን ጎድፍሌሽን መጀመሪያ አደርገዋለሁ፤ በዝምታ ላይ ሲወርድ ክብደቱ ይታወቃል።

አምስተኛው የናይን ኢንች ኔይልስ «ዊሽ» ነው፤ በ1992 የወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት በሜታል ዘርፍ የግራሚ ሽልማት ያገኘ። የቡድኑ መሪና ድምፃዊ ትሬንት ሬዝነር እዚህ ከማሽኑ ጋር ትግል ላይ ነው፤ ድምፁ በድንገት ይወርዳል፣ በድንገት ይፈነዳል፣ ማን ማንን እንደሚነዳ አይለይም። የሬዝነርን ሥራ ስመዝን ሁልጊዜ የሚያስቸግረኝ በ1994 አልበሙ መዝጊያ ላይ ያለው «ኸርት» ነው፤ አሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ ጆኒ ካሽ በ2002 ያንኑ ዘፈን በጊታርና በፒያኖ ብቻ በሚመስል ቅንብር ሲዘፍነው፣ ከጫጫታው ሥር ራቁቱን መቆም የሚችል ዘፈን እንደነበረ ታወቀ። «ዊሽ» እንዲህ ቢገፈፍ ይቆማል ወይ? አይመስለኝም። «ላይክ ራትስ»ም አይቆምም፤ እሱ ግን ያለ ማሽኑ ሊኖር አልተፈጠረም። «ዊሽ» ሁለቱንም የሚፈልግ ዘፈን ነው፤ ቁጣው የሰው፣ ጉልበቱ የማሽን። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ቀን ሰባት፣ አንዳንድ ቀን ስምንት ጽፌለታለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ አከታትዬ ከሰማሁት በኋላ ያሰፈርኩት ስምንት ነው።